ደመወዝ ከየት መጣ?

አዳማ ላይ ወሩ ሲገባደድ አማርኛ ተናጋሪው «ደሞዝ ወጣ?» ይላል፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው ስለ «ሚንዳ» ይጠይቃል። ምንዳ በአማርኛም የድካም ዋጋ ነው። እኛ ዘንድ ግን የመጽሐፍ ቃል ሆኗል፤ ልጁ «ምንደኛ»ም ስድብ ሆኖ ቀርቷል። በኦሮምኛ ዛሬም የቅጥር ማስታወቂያ ላይ በክብር ይጻፋል።

ደሞዝ ሲፈታ «ደመ ወዝ» ነው፤ እንደ ቤተ መንግሥት በግእዝ ዘርፍ የተያያዘ። ወዝ ጤነኛ ሰው ፊቱ ላይ የሚታይበት ቅባት ነው፤ ያማረበትን «ወዛም»፣ የተጎሳቆለውን «ወዙ ተሟጠጠ» እንላለን። ሠራተኛው ከገላው የሚያወጣው ነገር የሚቀበለው ገንዘብ መጠሪያ ሆነ ማለት ነው። በአብዮቱ ዘመን የገነነው «ወዛደር»ም ከዚሁ ሥር ነው፤ በወዙ የሚያድር። ወንድሞቹ ላብ አደርና ሠርቶ አደር ናቸው።

«ወዝ» የሚለውን ቃል በደንብ የሚያውቀው አዳማ አጠገብ ያለው ወንጂ ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እዚያ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም ነው። ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ የመጣው አገዳ ቆራጭ ወዙን እያፈሰሰ በአነስተኛ ክፍያ ይውል ነበር። በ1955 ዓ.ም አገር አቀፉ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት የወንጂ ሠራተኞች ከግንባር ቀደሞቹ ነበሩ።

«ሥራ ፈት» የሚለውም ቃል ልብ ይባል። ፈታ ማለት ከእስራት ለቀቀ ነው፤ ድሃ ግን ከሥራ ተፈትቶ መኖር አይችልም። በዓለም አቀፉ መለኪያ በሳምንት 1 ሰዓት ለገቢ የሠራ ሁሉ ሥራ አለው። በአዳማ መናኸሪያ ሱቅ በደረቴ አንግቶ የሚዞረው ልጅም ስለዚህ ከሠራተኛ ይቆጠራል። በአንጻሩ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሥራ ካላቸውና ሥራ ከሚፈልጉ ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ሥራ አጥ ነው፤ የገቢ ልዩነቱ መለኪያ ጂኒም በ2014 እ.ኤ.አ. 63 ነበር። የኢትዮጵያ በ2015 እ.ኤ.አ. 35 ነበር። በዚያ ልዩነቱን ከሚያሰፉት አንዱ ሥራ ማጣት ነው። እኛ ጋ ሥራ ያለውም ብዙ ሰው ከድህነት አይወጣም፤ ደመወዙ ያፈሰሰውን ወዝ አይመልስለትምና።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። በዚያው ዓመት የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክም ተመርቋል። እዚያ የስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ ለምትሰፋው ልጅ የደመወዝ ወለሉ በሕግ ይቆረጥላት፤ ሕግ አውጪዎች ይህን አታዘግዩት።