ለነፍስ ሕሙም የተዘረጋ መጠይቅ

በጸሎት ላይ የቆመ ሰው ድንገት የጽርፈት ቃል በልቡናው ቢያልፍበት፣ ወይም ልጇን የታቀፈች እናት ልጇን የምትጎዳ መስሎ ቢታያት፣ ከሐሳቡ ይልቅ የሚከፋው ተከትሎት የሚመጣው ነው፤ «እንዲህ ያለው ነገር ከእኔ በቀር በማንም አልደረሰም» የሚለው እምነት አንደበትን ስለሚዘጋ፣ ሕሙሙ ለካህንም ለሐኪምም ሳይገልጠው ዘመኑን በሥቃይ ይፈጃል።

ሌላው መጽሐፉ ወደ አማርኛ ተመልሶ የተነበበለት እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን በንያን፣ በ1666 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የራሱ የሕይወት ታሪክ ይህን መከራ በዝርዝር ጽፎታል። በዚያው ምዕት ፍጻሜ ገደማ የኖርዊች ጳጳስ የነበሩት ጆን ሙር በንግሥት ሜሪ ፊት ባሰሙት ስብከት፣ በአምልኮ ጊዜ ክፉ ሐሳብ የሚመጣባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ደጋጎች እንደ ሆኑ፣ ሐሳቡም ያለ ፈቃዳቸው እንደሚመጣ አስተምረዋል። ምዕዳኑ መልካም ነበር፤ ነገር ግን የአንድ አባት ቃል ነውና፣ የተጨነቀ ሰው «ይህን የሚሉኝ ልቤን ስላላዩት ነው» ብሎ ከመጠራጠር አይመለስም። የማጽናናት ሁሉ ድካም እዚህ ላይ ነው።

ዛሬ ኮግኒቲቭ ቢሄቭየራል ቴራፒ የሚባለውን ሕክምና ከመሠረቱት ሊቃውንት አንዱ የሆኑት አሮን ቤክ፣ በፊላደልፍያ በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሲሠሩ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከፍሮይድ ትምህርት እየራቁ ሄደው፣ የድባቴ ሕሙማን ጭንቀት ስለ ራሳቸው ከያዙት የተጣመመ ፍርድ ጋር የተያያዘ መሆኑን ተረዱ፤ ያንም ፍርድ ሕሙምና ሐኪም አብረው እንደ መላምት ይዘው በማስረጃ እንዲፈትኑት አደረጉ። ማስረጃ የሚፈለግ ከሆነ ደግሞ፣ ሰውን ሄዶ መጠየቅ ከማስረጃ መቈጠሩ የማይቀር ነበር።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን በደቡብ አፍሪካ የተወለዱት ስታንሊ ራክማንና ስሪ ላንካዊው ፓድማል ደ ሲልቫ በለንደን ሠርተው በ1978 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ነው። እነዚህ ሊቃውንት ሕመም የሌለባቸውን 124 ሰዎች፣ ያለ ፈቃዳቸው የሚመጣ ደስ የማይል ሐሳብ ያገኛቸው እንደ ሆነ ጠየቁ፤ 99ኙ አዎን አሉ። የጤነኞቹና እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚያሠቃያቸው ሕሙማን ሐሳብ በይዘቱ እጅግ ስለ ተመሳሰለ፣ ሐሳቦቹን በጽሑፍ ያነበቡት ባለሙያዎች እንኳ የማን የማን እንደ ሆነ በርግጥ ለመለየት ተቸገሩ፤ የሕሙማኑ የሚለየው አዘውትሮ በመምጣቱ፣ በመበርታቱና አልባረር በማለቱ ነበር። ብዙ ዘመን ቈይቶ በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመ ሌላ ጥናትም፣ በ13 አገሮች ከተጠየቁት 777 ተማሪዎች ከመቶ 94 ያህሉ በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ እንዲህ ያለ ሐሳብ እንደ ደረሰባቸው መስክረዋል። እንግዲህ ጳጳሱ በእምነት የተናገሩት በቍጥር ጸና ማለት ነው።

ሐኪሞች ደግሞ ይህን ቍጥር ለሕሙሙ በመንገር ሳይወሰኑ፣ ጥያቄውን ከእርሱ ጋር ማውጣትን ለመዱ። በሰው ፊት ሲኒ ሲያነሣ እጁ የሚንቀጠቀጥበት ሰው፣ «የሌላው እጅ ሲንቀጠቀጥ ብታይ ምን ትላለህ?» የሚል መጠይቅ ከሐኪሙ ጋር ያረቃል፤ ሁሉም ይንቁኛል ብሎ የሚጠብቀውንም አስቀድሞ ጽፎ ያኖራል። መጠይቁ ስሙ ሳይገለጥ ለሐኪሙ ባልደረቦችና ወዳጆች ይታደላል፤ መልሱም ስም ሳይጻፍበት ሲመለስ ከግምቱ ጋር ይነጻጸራል። አንዱ ልብ አልለውም ይላል፤ ሌላው በእኔም ይደርሳል ይላል፤ መልሱ ሊያጽናኑት ከተቀጠሩት ሳይሆን ከማያውቁት ሰዎች የመጣ ስለ ሆነ፣ ጥርጣሬው መግቢያ ያጣል። ኦክስፎርድ ባሉ ሐኪሞች ተዘጋጅቶ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመው የባሕርያዊ ሙከራዎች፣ ማለት የሕሙሙን እምነት በተግባር የመፈተኛ መንገዶች፣ መጽሐፍ መጠይቁን ከሙከራዎቹ ወገን ቈጥሮ ሥርዐቱን አስፍሮለታል።

ደግ ደጉን መልስ መርጦ ለሕሙሙ ማቅረብ የቀድሞውን ማጽናናት ስሙን ለውጦ መመለስ ስለ ሆነ፣ የሚነቅፈውም መልስ ሊነበብለት ይገባል። ሕሙሙ ልቡን ለማሳረፍ በየጊዜው አዲስ መጠይቅ እንዲላክለት መለመን ከጀመረ ግን፣ መጠይቁ ራሱ ከሕመሙ ተቈጥሯልና ሐኪሙ ያቆመው ዘንድ ግዴታው ነው።