ጉሮሮ የሚዘጋው በሽታና ሦስተኛው ክትባት

ዲፍቴሪያ በሳልና በማስነጠስ የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ ነው። ባክቴሪያው የሚያመነጨው መርዝ ጉሮሮ ላይ ግራጫ ሽፋን ያበጃል፤ ሽፋኑ ሲወፍር ሕፃን ያፍናል። መርዙ ወደ ደም ሲገባም ልብንና ነርቭን ይጎዳል።

ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሎፍለር ባክቴሪያውን ለይቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1884 ነበር። ኤሚል ቮን ቤሪንግና ጃፓናዊው ኪታሳቶ በ1890 የመርዙን ማርከሻ አገኙ፤ ቤሪንግ በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ሽልማት የወሰደው በዚህ ሥራው ነው። ማርከሻው ዛሬም በዋናነት ከፈረስ ደም ይዘጋጃል፤ አምራቾቹ ጥቂት ስለሆኑ በወረርሽኝ ጊዜ በቀላሉ አይገኝም። ቤተ ሙከራ እስኪያረጋግጥ ሳይጠበቅ ቶሎ መሰጠት አለበት፤ በሰውነት ሕዋስ ውስጥ የገባን መርዝ ማርከስ አይችልምና።

በኢትዮጵያ የልጅ ጉሮሮ ሲታመም «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ ማስቆረጥ የቆየ ልማድ ነው። እንጥል መቁረጥ ግን መርዙን አያቆምም፤ ይልቁንም ለደም መፍሰስና ለቁስል መመረዝ ይዳርጋል። ትክክለኛው መከላከያ በመላ አገሪቱ መስፋፋት የጀመረው የክትባት ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲቋቋም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የዲፍቴሪያ፣ የትክትክና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከሌሎች ሁለት ጋር በአንድ መርፌ፣ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሦስተኛውን የወሰዱት ከ12 እስከ 23 ወር ያሉ ልጆች 61 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ክትባቱን ያለመጨረስ ሥጋት ጎልቶ የሚታየው ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታን በመሰሉ ከተሞች ነው። ከአዲስ አበባ በሚወጡት የጅማ፣ የአምቦና የጎጃም መንገዶች ላይ የሚገኙት እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ ውስጥ ተካተዋል። ከገጠር ሥራ ፍለጋ የመጣውም፣ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ያስወጣውም የሚሰፍረው እዚሁ ነው። አዲስ አበባ ጤና ጣቢያ የመጀመሪያውን ክትባት የወሰደ ሕፃን ቤተሰቡ ቡራዩ ሲገባ የሌላ መስተዳድር ነዋሪ ይሆናል። ስሙ በቀድሞው መዝገብ ይቀራል፤ አዲሱ ጤና ጣቢያ አያውቀውም። እናት ካርዱን ካላቆየች ሦስተኛው ክትባት በቀላሉ ይዘለላል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጨናንቆ መኖር ደግሞ ለመተላለፊያው የተመቸ ነው።

ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ክትባቱ ላልቶ፣ ያደጉ ሰዎች መከላከያም ደክሞ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከ150 ሺህ በላይ ሰዎች በዲፍቴሪያ ታመዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከሦስቱ በተጨማሪ በሁለተኛው ዓመት፣ ከ4 እስከ 7 እና ከ9 እስከ 15 ዓመት ማጠናከሪያ እንዲሰጥ ነው። የኢትዮጵያ መደበኛ ክትባት ለብዙ ዓመታት የቆመው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ላይ ነው፤ ስለዚህ በነዚህ ከተሞች አንዱን እንኳ ያጣ ልጅ አድራሻው እየተፈለገ ሊከተብ ይገባል።