የሥራ ፈጠራ ትምህርት በኢትዮጵያ

የሥራ ፈጠራ ትምህርት (ኢንተርፕረነርሺፕ) ወጣቶች የራሳቸውን ሥራ መጀመር፣ ገንዘብን በአግባቡ መያዝና ከኪሳራ በኋላ እንደገና መነሣት እንዲችሉ የሚሰጥ ትምህርትና ሥልጠና ነው። ሦስቱ ችሎታዎች የተለያዩ ናቸው፤ ሥራ የጀመረ ሁሉ ሒሳብ መያዝ አይችልም፣ ሒሳብ የሚይዝም ሁሉ የመጀመሪያውን ኪሳራ አያልፍም። በኢትዮጵያ ይህ ትምህርት በቤተሰብና በእቁብ፣ በመንግሥት የሥልጠና ተቋማት እንዲሁም በዩኒቨርሲቲ ይሰጣል።

ባህላዊ መሠረት

እቁብ ብዙ ሰው የገንዘብ ሥነ ሥርዓትን መጀመሪያ የሚማርበት ማኅበር ነው። ለምሳሌ አሥር ጓደኛሞች በየሳምንቱ 200 ብር ቢጥሉ፣ በየሳምንቱ ዕጣ የወጣለት ሰው 2,000 ብር ይወስዳል። መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ ተበድሯል ማለት ነው፤ መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ቆጥቧል። ስለዚህ ዕጣ የወጣለት ሰው ቀሪውን መክፈል እንዳያቋርጥ ዋስ ይጠራል፤ ዳኛና ጸሐፊም ይመረጣሉ። አባሉ በዚህ ብድርን፣ ቁጠባንና መታመንን በተግባር ይማራል። ዋጋ በሚንርበት ጊዜ ግን መጨረሻ የሚደርሰው ብር የመግዛት አቅሙ ስለሚቀንስ፣ የዕጣው ተራም ዋጋ አለው።

የመንግሥት ተቋማትና ዩኒቨርሲቲ

ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልማት ስትራቴጂ ያወጣችው በ1990 ዓ.ም. ነው። በ2005 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማዕከል ተቋቋመ፤ ማዕከሉ በኋላ ኢንስቲትዩት ሆኗል። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ ተቋቋመ። ኢንተርፕረነርሺፕ በዩኒቨርሲቲም ለተማሪዎች በጋራ ከሚሰጡ ኮርሶች አንዱ ነው።

የሥልጠናው ይዘት

ማዕከሉ የተጠቀመበት ዘዴ ኤምፕሬቴክ ይባላል። ይህ የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1988 በአርጀንቲና ተጀመረ፤ መሠረቱ የአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዴቪድ ማክሌላንድ ጥናት ነው። ሥልጠናው ስለ ንግድ ሕግጋት ከማስተማር ይልቅ በአሥር የባሕርይ ችሎታዎች ላይ ያተኩራል፤ ከእነዚህም ዕድልን መፈለግ፣ ጽናት፣ ቃልን መጠበቅ፣ መረጃ መሰብሰብና በስሌት መድፈር ይገኙባቸዋል።

ማክሌላንድ የተጠቀመበት የቀለበት ውርወራ ጨዋታ የመጨረሻውን ችሎታ ያስረዳል። ተጫዋቹ ቀለበት ወደ ቆመ እንጨት ይወረውራል፤ የሚቆምበትን ርቀት ግን ራሱ ይመርጣል። አንዳንዱ እንጨቱ ሥር ቆሞ ያለ ስሕተት ያስገባል፣ ሌላው ከሩቅ በዕድል ይሞክራል። ለውጤት ከፍተኛ ፍላጎት ያላቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ መካከለኛውን ርቀት መርጠዋል፤ ይኸውም ሊሳሳቱ የሚችሉበት፣ ነገር ግን ጥረታቸው ለውጥ የሚያመጣበት ርቀት ነው።

ሽያጭና ትርፍን መለየት

አዲስ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚሳሳቱት ሽያጭን እንደ ትርፍ በመቁጠር ነው። በወተት ምርቷ ከምትታወቀው ከሱሉልታ ወተት ገዝቶ አዲስ አበባ የሚሸጥ ወጣት እንውሰድ (ዋጋዎቹ ለስሌት ብቻ የተወሰዱ ናቸው)። 20 ሊትር በ60 ብር ሲገዛ 1,200 ብር፣ ለትራንስፖርት ደግሞ 100 ብር ያወጣል። በ75 ብር ሒሳብ 18 ሊትር ሸጦ 2 ሊትር ቢበላሽበት በእጁ 1,350 ብር ይገባል፤ ትርፉ ግን 50 ብር ብቻ ነው። 4 ሊትር ቢበላሽበት 100 ብር ይከስራል።

በጾም ወቅት የወተት ገዢ ይቀንሳል። ይህን መዝግቦ የያዘ ወጣት ጾሙ ሲገባ የሚገዛውን ይቀንሳል ወይም ሌላ ዕቃ ይጨምራል። ያልመዘገበው ግን «ንግድ አይሆንልኝም» ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም የገጠማቸው ኪሳራ አንድ ነው፤ የተለያየው ከኪሳራው የወሰዱት ትምህርት ነው።

ኪሳራና ሕግ

አንድ ሰው ከኪሳራ መነሣቱ በጽናቱ ብቻ አይወሰንም። በግለሰብ ስም በሚነግድ ሰው ላይ የንግዱ ዕዳ ወደ ግል ንብረቱ ሊሻገር ይችላል። የ1952ቱን የንግድ ሕግ አብዛኛውን ክፍል የተካው የ2013 ዓ.ም. የንግድ ሕግ፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። በገንዘብ ችግር ላይ ያለ ድርጅት ከመፍረሱ በፊት እንደገና የሚደራጅበትንም ሥርዓት አስገብቷል።

ውጤቱ ሲመዘን

በደሴ መንገድ ሰንዳፋ፣ በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ አዲስ አበባን ይከብባሉ። በእነዚህ ከተሞች የሚኖር ወጣት ዋና ከተማው ገበያው ነው፤ በአካባቢው ፋብሪካዎችም አሉ። «ልቀጠር ወይስ የራሴን ልጀምር?» የሚለው ጥያቄ የዕለት ተዕለት ጥያቄ ነው።

ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን ይህንኑ ጥያቄ በኢትዮጵያ አጥንተዋል። በአምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ሰዎች በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ፤ አንዱ ቡድን የፋብሪካ ሥራ፣ ሁለተኛው 300 ዶላር ገደማ ከንግድ ሥልጠና ጋር ተሰጠው፣ ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ከአንድ ዓመት በኋላ ገንዘቡና ሥልጠናው የተሰጣቸው ገቢ በ33 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ፋብሪካ ከገቡት አብዛኞቹ ሥራውን ቶሎ ለቀቁ። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን የገቢው ልዩነት በአብዛኛው ጠፍቷል።

ሥልጠናው ምን እንደሚያስተምርም ለውጥ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ 1,500 የጥቃቅን ንግድ ባለቤቶችን ተከታትሏል። በራስ ተነሳሽነት፣ ቀድሞ በማቀድና እንቅፋትን በማለፍ ላይ የሠለጠኑት ትርፋቸው በ30 በመቶ አድጓል። በተለመደው የሒሳብና የግብይት ሥልጠና ግን ጭማሪው 11 በመቶ ገደማ ነበር፤ ይህም በስታቲስቲክስ የተረጋገጠ ልዩነት አልነበረም።

ከሁለቱ ጥናቶች የሚወሰደው ትምህርት፣ መነሻ ገንዘብ ለጅማሬ እንደሚረዳ፣ ብቻውን ግን ለዓመታት እንደማይዘልቅ ነው። ስለዚህ የሥልጠናው መመዘኛ በምረቃው ቀን የተከፈቱት ሱቆች ብዛት ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ከመጀመሪያው ኪሳራ በኋላ ስንቱ ሒሳቡን አይቶ እንደገና እንደሞከረም መታየት አለበት።