ላግ፣ ማነቆ፣ ልጓም፦ የጌም ኮምፒውተር ሕመም በቃላቱ ሥር

የጌም ኮምፒውተር ከተጠበቀበት በታች ሲሠራ ከባለቤቱ አፍ የሚወጣው ቃል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ላግ ያደርጋል»። ምስሉ ሲቆራረጥ ላግ ነው። ማውዙን ካንቀሳቀሱት በኋላ ገጸ ባሕርዩ ዘግይቶ ሲዞር ላግ ነው። ባላንጣው ከአንዱ ግንብ ጀርባ ጠፍቶ ሌላው ጋ ብቅ ሲልም ላግ ነው። እነዚህ ግን የተለያዩ ሕመሞች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም አይገናኝም። አንዱ በኢንተርኔት መስመር፣ ሌላው በአቧራ፣ ሦስተኛው በአንዲት ያልተነካች የቅንብር ምርጫ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ምርመራው ከመፍቻና ከብሩሽ በፊት ከቃላቱ መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ።

«ዲያግኖሲስ» የሚለው የሐኪሞች ቃል ራሱ ይህንን ይመሰክራል። ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ዲያ» ነጥሎ መለየትን፣ «ግኖሲስ» ማወቅን ያመለክታል። በአማርኛ የጤና ባለሙያዎች «በሽታን ለይቶ ማወቅ» ሲሉ የግሪክኛውን ሐሳብ ልክ እንዳለ ይናገሩታል። «ለየ» ከግዕዙ «ሌለየ» ጋር ዘመድ ነው፤ ልዩ፣ ልዩነት፣ ልየታ ሁሉም የዚያ ቤት ልጆች ናቸው። «ምርመራ» ደግሞ ከግዕዙ «መርመረ» ይወጣል። የቃሉ ግማሽ ራሱን የሚደግም ነው፦ መር፣ መር። መርማሪ አንድ ጊዜ አይቶ አይፈርድም፤ ይመላለሳል። መመርመር ሥራው ነው፤ መለየት ውጤቱ።

ላግና ፒንግ

«ላግ» በእንግሊዝኛ በ16ኛው መቶ ዘመን ከሁሉ ኋላ የቀረን ሰው ይጠራ ነበር። ቃሉ የመንገደኞችን ሰልፍ ያስባል፤ አንዱ ወደኋላ ቀርቷል፣ ሌሎቹ ይጠብቁታል። በጌም ዓለምም ትክክለኛ ቦታው ይኸው ነው፤ የተጫዋቹ ትእዛዝ ሰርቨሩ ዘንድ ደርሶ መልሱ እስኪመለስ ያለፈው ጊዜ። ከአዲስ አበባ የሚጫወት ሰው የሚገናኝበት ሰርቨር ብዙ ጊዜ አውሮፓ ወይም መካከለኛው ምሥራቅ ስለሆነ ይህን ጥበቃ በሚገባ ያውቀዋል።

የጥበቃው መለኪያ «ፒንግ» ይባላል። ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1983 ፒንግ የተባለችውን ትንሽ ፕሮግራም ሲጽፍ ስሟን የወሰደው ከሶናር ድምፅ ነው። ሰርጓጅ መርከብ ድምፅ ልኮ የገደል ማሚቶውን እንደሚያዳምጥ፣ ፕሮግራሟም መልእክት ልካ መልሱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ትቆጥራለች። እንግዲህ የፒንጉ ቁጥር ሲያሻቅብ በሰኮንድ የሚሠሩት ምስሎች ቁጥር ካልተነቃነቀ፣ ሕመሙ ከመስመሩ ነው። በዚህ ጊዜ አዲስ ግራፊክስ ካርድ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ፒንጉ ጸጥ ብሎ የምስሉ ቁጥር ከወረደ ግን «ላግ» የሚለውን ቃል ትተን ወደ «ፍሬም» እንሻገራለን።

ፍሬም

«ፍሬም» ሲነሣ አማርኛ ተናጋሪ የሚያስበው የፎቶ ክፈፍን፣ የመነጽርን ወይም የብስክሌትን አካል ነው። የጥንቱ እንግሊዝኛ «ፍራሚያን» ግን መጥቀም፣ መርዳት ማለት ነበር። ከዚያ እንጨትን ለግንባታ ማዘጋጀት ሆነ፤ ቀጥሎ የቤቱ አጽም፣ ቀጥሎም በሥዕል ዙሪያ የሚገጠመው ክፈፍ። ሲኒማ ሲመጣ በፊልሙ ጥቅል ላይ በተርታ የተቀመጠው እያንዳንዱ ክፈፍ ምስል «ፍሬም» ተባለ። ድምፅ አልባዎቹ ፊልሞች ፍጥነታቸው ወጥ አልነበረም። ድምፅ በፊልሙ ላይ ሲታተም ግን ፍጥነቱ ከተለዋወጠ ድምፁም ስለሚቀጥን ወይም ስለሚወፍር፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ በሰኮንድ 24 ፍሬም ደንብ ሆነ።

በሲኒማ ፍሬሙ አስቀድሞ ተቀርጾ ያለቀ ነው። በጌም ግን እያንዳንዱ ፍሬም ተጫዋቹ እያየ የሚሠራ ነው። በሰኮንድ 60 ፍሬም ለማውጣት ማሽኑ ለአንዱ ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰኮንድ ብቻ ነው፤ ለ144 ደግሞ 6.9። ፕሮሰሰሩ በዚያች ቅጽበት ማን የት እንዳለ ያሰላል፤ ግራፊክስ ካርዱ ይሥላል። የጥንቱ አናጺ እንጨቱን እንደሚያዘጋጅ ፍሬሙ ይዘጋጃል፤ ሥራው ካላለቀ የሚታየው ያው የቀድሞው ምስል ነው።

ከፍሬም ጋር የተጎዳኘው «ሬት» የመጣው «ፕሮ ራታ» ከሚለው የላቲን ሐረግ ነው፤ ታስቦ የተመደበ ድርሻ ማለት ነው። ሥሩ ሒሳብ እንጂ ፍጥነት አይደለም። ይህን መርሳት ብዙ ሰው አሳስቷል። በአንድ ሰኮንድ 60 ፍሬም ወጡ ማለት በእኩል ርቀት ወጡ ማለት አይደለም። ሃምሳ ዘጠኙ ተሽቀዳድመው ወጥተው አንዱ ብቻ ሩብ ሰኮንድ ቢፈጅ አማካዩ ያው 60 ነው፤ ዓይን ግን መደናቀፉን ያያል። ስኮት ዋሰን የተባለ የሃርድዌር ገምጋሚ እ.ኤ.አ. በ2011 ሰኮንዱን ከፍቶ የእያንዳንዱን ፍሬም ጊዜ መለካት እንደሚገባ ካሳየ ወዲህ ገምጋሚዎች ከአማካዩ ጎን ከሁሉ የዘገየውን አንድ በመቶ ማሳወቅ ለመዱ።

እንግሊዝኛ ይህንን ሕመም በመንተባተብ ይጠራዋል። አማርኛም ቃሉ አለው፤ ሥሩ ከ«ተብታባ» ጋር አንድ ነው፣ ፊደሎቹም የታሰረና የተወሳሰበ ነገርን ከሚገልጸው «ተበተበ» ጋር ይገጥማሉ። «ይቆራረጣል» የሚለውም የሰዋስው ብልሃት አለው። «ቆረጠ» አንድ ጊዜ ነው፤ «ቆራረጠ» ደጋግሞ ነው። ቋንቋው አንዲቱን ፊደል በመድገም የድርጊቱን መመላለስ ይነግረናል። እንግዲህ «ይዘገያል» እና «ይቆራረጣል» ለጠጋኝ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። የመጀመሪያው ዝቅተኛ አማካይ ነው። ሁለተኛው አማካዩ ጥሩ ሆኖ ሳለ የሚመጣ ሲሆን፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሞላ ራም፣ ቀርፋፋ ዲስክ ወይም ከበስተጀርባ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም ነው።

ልክ

«ከተጠበቀው በታች» ስንል በማን መለኪያ? የእንግሊዝኛው «ቤንችማርክ» የመሬት ቀያሾች ቃል ነው። ቀያሹ በድንጋይ ላይ አግድም ምልክት ይቀርጽና ብረት ያስቀምጥበታል፤ የመለኪያው ዘንግ ሁልጊዜ በዚያው ከፍታ እንዲያርፍ ነው። የምልክቱ ዋጋ ወደ እርሱ መመለስ መቻሉ ነው። አማርኛም በ«ልክ» ተመሳሳይ ጥበብ አለው፤ ልክ መጠን ነው፣ ልክ ደግሞ ትክክል ነው። ያለ መጠን ትክክል የለም።

ስለዚህ አንድ ገምጋሚ በአንድ ካርድ 120 ፍሬም አገኘ ሲባል ሰምተን የእኛው 75 ሲሆን፣ በመጀመሪያ ዘንጉ በዚያው ድንጋይ ላይ ማረፉን እንጠይቅ። ፕሮሰሰሩ ያው ነው? የጌሙ ጥራት ቅንብር ያው ነው? የምስሉ ስፋትስ? 1920 በ1080 ማለት 2,073,600 ነጥብ ነው፤ 3840 በ2160 ግን 8,294,400፣ ማለትም አራት እጥፍ ሥራ ነው። የላፕቶፕ ካርድም ከዴስክቶፑ ጋር አንድ ዓይነት የቁጥር ስም ቢይዝም የሚያገኘው ኤሌክትሪክ ያነሰ ነው። ብዙ «ሕመም» እዚህ ላይ ይድናል፤ ማሽኑ ጤነኛ፣ ልኩ የሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል።

ማነቆ

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች መንገድ የሚጠብበትን ቦታ «የጠርሙስ አንገት» ማለት ጀመሩ። አማርኛ ለዚህ የሚሰጠው መልስ «ማነቆ» ነው። ሥሩ ጥንታዊ ነው፤ በግዕዝ «ኀነቀ»፣ በዐረብኛ «ኸነቀ»፣ በዕብራይስጥ «ሐናቅ»። በአማርኛ የጉሮሮው ድምፅ ወድቆ «አነቀ» ቀረ። ዛሬ ቃሉን በዜና «የልማት ማነቆ»፣ «የምርት ማነቆ» ሲባል እንሰማዋለን።

እዚህ ላይ ግን አንድ ልዩነት አለ። የአማርኛው ማነቆ ክስ አለበት፤ መወገድ ያለበት ጠላት ነው። የጠርሙስ አንገት ግን የጠርሙሱ አካል ነው፤ አንገት የሌለው ጠርሙስ የለም። በኮምፒውተርም እውነቱ ይኸው ነው። ከክፍሎቹ አንዱ ሁልጊዜ ቀድሞ ይሞላል፤ ያ ሲሰፋ ጠባቡ ቦታ ወደ ሌላው ይዛወራል። ግራፊክስ ካርዱ 98 በመቶ ተይዞ የሚሠራ ከሆነ መደንገጥ አያስፈልግም፤ የተገዛበትን ሥራ በሙሉ አቅሙ እየሠራ ነው።

ማነቆው የት እንዳለ ለመለየት ገንዘብ የማይጠይቅ ፈተና አለ። የምስሉን ስፋት ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ ማድረግ ነው። የሚሣሉት ነጥቦች ከግማሽ በታች ስለሚሆኑ ሥራው የሚቀልለው ለግራፊክስ ካርዱ ነው፤ የፕሮሰሰሩ ድርሻ ግን እምብዛም አይለወጥም። የፍሬሙ ቁጥር ከዘለለ ማነቆው ካርዱ ነበር። ካልተነቃነቀ ፕሮሰሰሩ ወይም ራሙ ነው። የፕሮሰሰሩ ጠቅላላ አኃዝ 30 በመቶ ማለቱ አያታልለን፤ ጌሙ ዋናውን ሸክም የጣለበት አንድ ኮር ሙሉ በሙሉ ተይዞ ሌሎቹ ሥራ ፈትተው ሊሆን ይችላል።

መታፈን

«ትሮትል» የሚለው እንግሊዝኛ ከጉሮሮ ስም የወጣ ነው፤ ጉሮሮን ይዞ ማነቅ ማለት ነበር። በእንፋሎት ሞተር ዘመን የእንፋሎቱን መተላለፊያ የሚያጠብበው ቫልቭ ስሙን ወረሰ። ዛሬ ደግሞ ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ላለማቃጠል ፍጥነቱን መቀነሱ በዚያው ስም ይጠራል።

በቀጥታ ወደ አማርኛ ብንመልሰው ይኸም «ማነቅ» ይሆናል፤ ሁለት ሕመሞችም በአንድ ቃል ይደባለቃሉ። የጠርሙሱ አንገት በተፈጥሮው ጠባብ ነው፤ ሁለተኛው ግን ሰፊ የነበረ ጉሮሮ መያዙ ነው። ስለዚህ ለዚህ «መታፈን» የሚለውን ቃል ቢሰጡት ይሻላል እላለሁ። አየር ያጣ ክፍል «ታፍኗል» እንለው የለም? ችግሩ በትክክል አየር ማጣት ነው፤ ፋኑን የያዘ አቧራ፣ የደረቀ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት፣ ፍራሽ ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ።

ምልክቱ ጊዜ ነው። ማነቆ ከመጀመሪያው ሰኮንድ አለ። መታፈን ግን ዘግይቶ ይመጣል፤ ጌሙ ሲከፈት ጥሩ ሄዶ ከደቂቃዎች በኋላ ይወርዳል። ብዙ ዘመናዊ ፕሮሰሰሮች ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። የሙቀቱንና የፍጥነቱን ቁጥር ጎን ለጎን ከፍቶ መጫወት ነው፤ አንዱ ጣሪያ ሲነካ ሌላው ከወረደ ማስረጃው ተገኘ።

ልጓም

ሰው ኮምፒውተሩን «እየለገመ ነው» ብሎ ሲያማ፣ ብዙ ጊዜ የተለጎመ ሆኖ ይገኛል። ለገመና ለጎመ በድምፅ ይቀራረባሉ፤ አንዱ አውቆ መስነፍ፣ ሌላው መገታት ነው። ልጓም በግዕዝም አለ፤ በዐረብኛ «ልጃም» ይባላል። በኮምፒውተር ውስጥም ሰው አውቆም ሆነ ሳያውቅ ያጠለቃቸው ልጓሞች አሉ።

አንዱ የሞኒተሩ ነው። «ሞኒተር» ከላቲኑ ማስጠንቀቅ፣ ማስታወስ የመጣ ቃል ሲሆን፣ ክፍሉን የሚጠብቀው የትምህርት ቤት ሞኒተርም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ፍጥነቱ የሚለካው በጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ በሃይንሪሽ ኸርዝ (1857–1894) ስም በተሰየመው ኸርዝ ነው። 144 ኸርዝ የተባለ ሞኒተር በዊንዶውስ ቅንብር 60 ላይ ቀርቶ ከሆነ፣ ካርዱ 140 ፍሬም ቢያወጣም ዓይን የሚያየው 60 ነው። ፍሬሙን ከሞኒተሩ ጋር የሚያስተካክለው ቪሲንክም በአንዳንድ ጌሞች 55 ማውጣት የሚችለውን ካርድ ወደ 30 ያወርደዋል።

ሌላው የራሙ ነው። 6000 ተብሎ የተሸጠ ዲዲአር 5 ራም፣ በማዘርቦርዱ ቅንብር ውስጥ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚባለው ምርጫ ካልተከፈተ በ4800 ሊሠራ ይችላል። ከቻርጀር የተነቀለ ላፕቶፕም ባትሪውን ለመቆጠብ ራሱን ይገታል። የሞኒተሩ ገመድ በግራፊክስ ካርዱ ፈንታ ማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ ደግሞ ውዱ ካርድ ሥራ ፈትቶ ደካማው የፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ሸክሙን ይሸከማል።

እንግዲህ ቃላቱ ከተለዩ የምርመራውም ቅደም ተከተል ይወጣል። ላግን በፒንግ ለዩ፤ ልኩን አረጋግጡ፤ ልጓሙን አውልቁ፤ መታፈኑን አጽዱ፤ ማነቆውን በመጨረሻ ፈልጉ። እስከ ልጓሙ ያለው ሳንቲም አይጠይቅም፤ መታፈኑም ብሩሽና ጥቂት ቅባት ይበቃዋል። ማነቆ ብቻ ነው አዲስ ዕቃ የሚያስገዛው። ብዙ ሰው ግን ከመጨረሻው ይጀምራል፤ ዕቃው ሁሉ በውጭ ምንዛሪ በሚገባበት አገር ይህ ስሕተት የወራት ደመወዝ ሊያስከፍል ይችላል። «ላግ ያደርጋል» በማለት ፈንታ «በ10 ደቂቃ ውስጥ ከ110 ፍሬም ወደ 60 ይወርዳል፣ ፒንጉ ግን አልተለወጠም» የሚል ደንበኛ ለጠጋኙ ግማሹን ሥራ ሠርቶለታል፤ ኪሱንም አድኗል።