ተስተካካይ የቫልቭ ጊዜ፤ ከጉማራ ፓምፕ እስከ ደብረ ታቦር ዳገት

በበጋ መስኖ ወቅት በጉማራና በርብ ወንዞች ዳር ውኃ የሚስበው የቤንዚን ፓምፕና ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው የቶዮታ ቪትዝ በመሠረቱ አንድ ዓይነት ሞተር ነው ያላቸው። ሁለቱም ባለ አራት ምት ናቸው፤ አየርና ቤንዚን በማስገቢያ ቫልቭ ይቀበላሉ፣ ያቃጥላሉ፣ ጭሱን በማስወጫ ቫልቭ ያስወጣሉ። የሚለያያቸው የሥራቸው ጠባይ ነው። ፓምፑ ሽንኩርቱ ውኃ እስኪጠግብ ድረስ በአንድ ፍጥነት ሲጮኽ ይውላል። መኪናው ግን መናኸሪያ ላይ በሚኒሞ ይቆማል፣ ወደ ሐሙሲት በሚወስደው ሜዳ ይሮጣል፣ ዓለም በርን አልፎ ዳገቱ ሲይዘው ማርሽ ይቀንሳል። በመኪናው ሞተር ሽፋን ላይ «ቪቪቲ-አይ» ተብሎ የተጻፈው፣ በፓምፑ ላይ ደግሞ የሌለው በዚሁ ምክንያት ነው። ለዚህ ምሕጻረ ቃል «ተስተካካይ የቫልቭ ጊዜ» የሚል አቻ አቀርባለሁ፤ ከአቻው ጋር ደግሞ አንድ ክርክር አለኝ። ይህ አሠራር በተለምዶ እንደሚባለው ለሞተር ጉልበት የሚጨምር ዕቃ አይደለም። ሞተሩ ያለውን ጉልበት በዝቅተኛውም በከፍተኛውም ፍጥነት እንዲያገኘው የሚያደርግ ነው።

ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት ነው። ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር እሱ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ የሚያገናኛቸው ቼይን ወይም ቺንጋ ነው። በደቂቃ 3000 ዙር የሚሠራ ሞተር እያንዳንዱን ማስገቢያ ቫልቭ በሰከንድ 25 ጊዜ ይከፍታል፤ ቫልቩ በአንድ ጊዜ ክፍት ሆኖ የሚቆየው ከሰከንድ መቶኛ ጥቂት ለሚበልጥ ጊዜ ብቻ ነው። እዚህ ላይ አየር ክብደት እንዳለው ማስታወስ ያስፈልጋል። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር፣ ፒስተኑ ታች ደርሶ ወደ ላይ መመለስ ከጀመረ በኋላ እንኳ፣ አየሩ በቦይ ተንደርድሮ እንደመጣ ውኃ መግባቱን ይቀጥላል። ስለዚህ በከፍተኛ ዙር ቫልቩ ዘግየት ብሎ ቢዘጋ ሲሊንደሩ የተሻለ ይሞላል። በዝቅተኛ ዙር ግን አየሩ ያ ግፊት የለውም፤ ቫልቩ ከዘገየ የሚመለሰው ፒስተን የገባውን አየር ወደመጣበት መልሶ ይገፋዋል። የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቭ አብረው ክፍት የሚሆኑበት ቅጽበትም እንዲሁ ነው፤ በከፍተኛ ዙር ይጠቅማል፣ በሚኒሞ ግን ሞተሩን ያንቀጠቅጠዋል። ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ከተቀረጸ በኋላ አይለወጥምና ነዳፊው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረበት። ለፓምፕ ምርጫው ቀላል ነው፤ የሚሠራበት ፍጥነት ይታወቃል። የመኪና ነዳፊ ግን መካከለኛውን ይይዝና በሁለቱም ጫፍ ይጎዳል።

አልፋ ሮሜዎ እ.ኤ.አ. በ1980 በስፓይደር መኪናው ላይ መፍትሔውን ለገበያ አቀረበ፤ ቶዮታ በ1990ዎቹ አጋማሽ ቪቪቲ-አይን አስከተለ። የቶዮታው ካምሻፍት ጫፍ ላይ ያለው ባለጥርስ ጎማ በውስጡ ትንንሽ የዘይት ክፍሎች አሉት። ኮምፒዩተሩ የሞተሩን ዙርና ነዳጅ መስጫው የተረገጠበትን መጠን አይቶ አንድ ሶሌኖይድ ያዝዛል፤ ሶሌኖይዱ ዘይቱን ወደ አንዱ ወገን ሲለቅ ካምሻፍቱ ከጎማው ትንሽ ቀደም ይላል፣ ወደ ሌላው ሲለቅ ወደኋላ ይቀራል። ሥራው በሙሉ ይኸው ነው። ወደ ስሙ ስንመለስ፣ የምሕጻረ ቃሉን ቀጥተኛ ትርጉም የሚፈልግ ሰው «ተለዋዋጭ» ማለቱ አይቀርም፤ ነገር ግን በአማርኛ ተለዋዋጭ የሚባለው የማይጨበጥና የማይታመን ነው፤ መካኒክ ዘንድም ታይሚንጉ ተለዋወጠ ማለት ብልሽት ነው። ይህ አሠራር ግን እንደ ሁኔታው ራሱን የሚያስተካክል ነውና ተስተካካይ ይሻላል። «ጊዜ» ያልኩትም ቫልቩ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ጊዜ ነው፤ ክፍት ሆኖ የሚቆይበት ርዝመት በዚህ አሠራር አይለወጥም፣ ሙሉው እንዳለ ወደፊት ወይም ወደኋላ ይሸጋሸጋል እንጂ።

መኪና ሲሸጥ «ቪቪቲ ስለሆነ ዳገት አይፈራም» የሚለው አባባል ግማሹ እውነት ነው። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር ወደ 2700 ሜትር ትጠጋለች። የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በወረታ በአንድ ስድስተኛ ያህል፣ በደብረ ታቦር ደግሞ በሩብ ያህል ይቀንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም ከዚሁ ጋር ይወርዳል፤ ቫልቩ መቼም ቢከፈት ከውጭ የሌለውን አየር አያመጣም። ይህን የሚክሰው ተርቦ ነው። እውነተኛው ግማሽ ሌላ ነው፤ ዳገት ላይ ሞተሩ በ2000 ዙር አካባቢ ሲያጣጥር ማስገቢያው ቀደም ብሎ ይዘጋል፤ ያ ሳሳ ያለ አየር መልሶ ሳይወጣ ይጨመቃል። ሾፌሩ ማርሽ ሳይቀንስ ጥቂት ርቀት የሚገፋው በዚህ ነው።

ከጋራዥ የሚሰማው ተቃውሞ ግን ቀላል አይደለም። ድሮ ካምሻፍት ቁራጭ ብረት ነበር፣ አሁን የሚበላሽ ነገር ጨመራችሁበት ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ጥያቄው የሚበላሸው በምንድን ነው የሚለው ነው። አሠራሩ የሚንቀሳቀሰው በዚያው በሞተሩ ዘይት ግፊት ነው። ዘይት ሳይቀየር ከሰነበተ ይጠቁራል፣ ዝቃጭ ይሠራል፤ ዝቃጩ በሶሌኖይዱ መንገድ ላይ ያለችውን ደቃቅ ወንፊት ይደፍናል። ካምሻፍቱ ቀድሞ እንደሄደ ይቀራል፣ ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል፣ ሞተሩ ሲቆም ሲነሣ ያስቸግራል፣ የሞተር መብራት ይበራል፤ ኮምፒዩተር ሲታሰርበት ብዙ ጊዜ ፒ0011 የሚል ኮድ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ሻማና ኮይል ከመቀየር በፊት ሶሌኖይዱን ፈትቶ ወንፊቷን ማየት ይበጃል፤ ሥራው ብዙ ጊዜ አይወስድም። አቧራማ መንገድ ላይ ለሚውል፣ በዳገት በከፍተኛ ሙቀት ለሚሠራ መኪና የዘይት መቀየሪያውን ኪሎ ሜትር ማሳጠር ያስፈልጋል። እንግዲህ የድሮው ካምሻፍት ቸልተኛ ባለቤትን ይችል ነበር፤ አዲሱ አይችልም። ይህ ጉድለት ነው ከተባለ እቀበላለሁ፤ ግን በዝቅተኛውም በከፍተኛውም ፍጥነት ለሚገኘው ጉልበት የተከፈለ ዋጋ ነው።

በፎገራ ጭነት የሚያመላልሰው አይሱዙ ናፍጣ ስለሆነ ነገሩ አይመለከተውም የሚልም ይኖራል፤ እውነት ነው፣ በናፍጣ ሞተር ላይ አሠራሩ እምብዛም አይገኝም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌሎች አውቶሞቢሎችን ወደ አገር ማስገባት መከልከሉን አስታውቋል፤ ታዲያ ስሙ ለምን ይጠቅማል ለሚለው ግን መልሱ ያው ክልከላው ነው። አዲስ ካልገባ ያለው ይጠገናል፤ የሚጠግነውም ስሙንና ሥራውን ማወቅ አለበት። አቻው የማይሸፍነው አንድ ነገር አለ። የሆንዳ ቪቴክ በከፍተኛ ዙር ቫልቩን ወደ ሌላ ካም አሻግሮ ከፍታውንም ክፍት የሚቆይበትንም ርዝመት ይለውጣል፤ ለእሱ «ተስተካካይ የቫልቭ ጊዜና ከፍታ» ማለት ያስፈልጋል።