የተዘረፈው ሰው የማይታይበት ዘፈን

ልጆችዎ ከስልካቸው ዘፈን ሲከፍቱ ቃሉ ምን እንደሚል ጠይቀው ያውቃሉን? እዚህ ሄርማታ በአንድ የሰርግ ቤት ወጣቶች «ያሁዜ» የተባለውን የቆየ የናይጄሪያ ዘፈን ከፍተው ሲጨፍሩ ተመልክቻለሁ። ትርጉሙን ብጠይቅ ከመካከላቸው የሚያውቅ አልተገኘም።

ናይጄሪያውያን በኢንተርኔት እያታለሉ የሰው ገንዘብ የሚወስዱትን «የያሁ ልጆች» ይሏቸዋል። ኦሉ ሜንቴይን የተባለው ዘፋኝ በ2007 እ.ኤ.አ. ስለ ዶላርና ስለ ውድ መኪና ያዜመውን ይህን ዘፈን ብዙ ሰው የእነርሱ ውዳሴ ነው ብሎ ወሰደው፤ ዘፋኙ ግን አስተባብሏል። በማግስቱ ዓመት የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ኮሊን ፓውል ለንደን መድረክ ላይ ወጥተው በዚሁ ዜማ ጨፈሩ። እንግዲህ ሰርገኞቹን ብቻ ምን ብለን እንወቅሳለን?

ከዚያ በፊት በ2005 ንኬም ኦዎህ የተባለው ኮሜዲያን በአንድ ፊልም ውስጥ እንደ አጭበርባሪ ሆኖ ዘፍኗል። በዘፈኑ ማታለል ጨዋታ፣ አታላዩ አሸናፊ፣ ገንዘቡን የተበላው ደግሞ ስግብግብ ሞኝ ነው። ቀልድ ነው፤ ያስቃል። ነገር ግን ያ «ሞኝ» ማን እንደሆነ፣ ገንዘቡን ለምን ጉዳይ እንዳስቀመጠው፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ምን እንዳላት ዘፈኑ አይነግረንም። ቢነግረን ኖሮ ማን ይጨፍርበት ነበር? ከናይጄሪያ ዘፋኞች መካከልም ይህን የተቃወሙ አሉ፤ ፋልዝ የተባለው ራፐር የያሁ ልጆችን ማወደስ በግልጽ ነቅፏል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (1878-1932 እ.ኤ.አ.) የሄርማታ የሐሙስ ገበያ ከሩቅ አገር ሲራራ ነጋዴዎችን ይስብ ነበር። ማጭበርበር በዚያ ዘመን አልነበረም ብዬ አልዋሽዎትም። አሞሌ ጨው ጠርዙ ከተሸረፈ ዋጋው ይወርድ ስለነበር ተቀባዩ አገላብጦ ያየዋል። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ሲቀበልም በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ካለው ጌጥ ዶቃዎቹን የሚቆጥር ነበር። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ እጃቸውን ወደ እህሉ ክምር ሰደው ከሥሩ እርጥቡን አግኝተዋል። ቁርኣንም ስፍርና ሚዛን በሚያጎድሉ ሰዎች የተሰየመ አንድ ሱራ አለው፤ 83ኛው። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፦ የገበያ አታላይ የሚያታልለውን ሰው ፊት እያየ ነው የሚያታልለው። በሚቀጥለው ሐሙስም እዚያው ይገናኛሉ።

የስልኩ አታላይ ይህ የለበትም። አገራችን በ2016 እ.ኤ.አ. የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ አውጥታለች፤ ከ2021 ወዲህ ደግሞ ቴሌብር በየኪሳችን ገብቷል። አንዲት የሰፈራችን እናት ቡና ሸጠው ያገኙትን በስልካቸው አስቀምጠው ነበር። «እንኳን ደስ አለዎት፣ ሽልማት ደርሶዎታል» የሚል ሰው ደወለላቸውና የሚስጥር ቁጥራቸውን ጠየቃቸው። በትሕትና «እናቴ» እያለ ነበር ያናገራቸው። ሰጡት።

ሳምንት ሙሉ ለልጆቻቸው አልተናገሩም። ከገንዘቡ ይልቅ ያሳፈራቸው «ሞኝ» መባሉ ነበር።

ለሰርገኞቹ ወጣቶች የዘፈኑን ትርጉም ነገርኳቸው፤ የእኚህንም እናት ነገር ጨመርኩላቸው። አንዱ ልጅ ስልኩን ዘጋ። ትንሽ ቆይቶ «ማን እንደሆነች አውቃለሁ፤ አክስቴ ናት» አለኝ።