ነፃው ኮምፓይለር እና የእጅ መጫወቻው

የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በማርች 2001 «ጌም ቦይ አድቫንስ» የተሰኘውን በእጅ የሚያዝ የጨዋታ መሣሪያ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ጨዋታ የመሥራት ፈቃድ የነበራቸው ከኩባንያው ጋር የተዋዋሉ ድርጅቶች ብቻ ነበሩ። የሥራው መሣሪያም ሆነ የቴክኒክ መምሪያው ለእነርሱ ብቻ የሚሰጥ ነበር። ይሁን እንጂ ብዙ ሳይቆይ፣ ማንም ያልፈቀደላቸው ፕሮግራም ጸሐፊዎች በየቤታቸው ሆነው በሲ ቋንቋ የጻፉትን በዚሁ መሣሪያ ላይ ማስኬድ ጀመሩ።

የዚህ ነገር ሥር የሚገኘው ከመጫወቻው ዘንድ አይደለም። ሪቻርድ ስቶልማን በ1987 ጂሲሲ የተባለውን የሲ ኮምፓይለር ከነምንጭ ጽሑፉ አሠራጭቶ ነበር። ማንም ሰው ሊያሻሽለው ይችላል፤ አሻሽሎ የሚያሠራጭ ግን ምንጩን አብሮ የመስጠት ግዴታ አለበት። ኮምፓይለሩ ቋንቋውን የሚያነብበው ክፍልና ለአንድ ፕሮሰሰር ትእዛዝ የሚጽፈው ክፍል የተለያዩ በመሆናቸው፣ አዲስ ፕሮሰሰር በመጣ ቁጥር ሁለተኛውን ማዘጋጀት ይበቃ ነበር። በ1989 የተቋቋመው የአሜሪካው ሲግነስ ኩባንያ ይህንኑ ሥራ በክፍያ ይሠራ ነበር። የአድቫንስ ልብ የሆነው ኤአርኤም7ቲዲኤምአይ ደግሞ ቀድሞውኑ በተንቀሳቃሽ ስልኮች ውስጥ የገባ የእንግሊዝ ንድፍ ነው። ስለሆነም መጫወቻው ሲወጣ ነፃው ኮምፓይለር ቋንቋውን አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

የቀረው ተከላው ነበር፤ እርሱም ቀላል አልነበረም። ኮምፓይለሩ በግል ኮምፒዩተር ላይ እየሠራ ለሌላ ማሽን እንዲጽፍ ሆኖ መገንባት አለበት። አስቀድሞ አሰምብለሩና ሊንከሩ፣ ቀጥሎ ኮምፓይለሩ፣ ከዚያም ኒውሊብ የተባለው አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት ይከተላሉ፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሥራው መሐል መንገድ ላይ ይቆማል።

ዋናው ዕውቀት ያለው ግን በሁለት ትናንሽ ፋይሎች ውስጥ ነው፤ ይኸውም በማስነሻው ፕሮግራምና ለሊንከሩ የማስታወሻውን ካርታ በሚነግረው ጽሑፍ ውስጥ። መሣሪያው 256 ኪሎባይት ሰፊና ዘገምተኛ፣ 32 ኪሎባይት ጠባብና ፈጣን ማስታወሻ አለው፤ ካርትሪጁ በበኩሉ የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት አይደለም። አንድ ተለዋዋጭ የመነሻ ዋጋ ከተሰጠው፣ ዋጋው በካርትሪጁ ላይ ተቀምጦ ኃይል ሲበራ ወደ ማስታወሻው መቀዳት አለበት። ማስነሻው ይህን ከዘነጋ ኮምፓይለሩ አንዲት ቃል ሳያጉረመርም ሥራውን ይጨርሳል፤ ጨዋታው ግን በተዘበራረቀ ቁጥር ይጀምራል።

የካርትሪጁ መስመር ስፋት 16 ቢት ብቻ ነው። አንድ ባለ 32 ቢት ትእዛዝ ከዚያ ለማንበብ ሁለት ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ብልሆቹ አብዛኛውን ፕሮግራም «ተምብ» በሚባሉት ባለ 16 ቢት ትእዛዞች አስጽፈው በካርትሪጁ ላይ ይተዉታል፤ ፍጥነት የሚጠይቀውን ጥቂቱን በባለ 32 ቢት አስጽፈው ወደ ፈጣኑ ማስታወሻ ያዛውሩታል። ይህን መለየት ለኮምፓይለሩ አልተሰጠም፤ የሰው ፍርድ ነው።

ሌላም መሰናክል ነበር። መሣሪያው ሲነሣ በካርትሪጁ ራስጌ ላይ 156 ባይት የሆነውን የኒንቴንዶ ዓርማ ካላገኘ ፕሮግራሙን አያስኬድም። ሐሳቡ ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሰው ዓርማውን በመገልበጡ እንዲከሰስ ነው። ነገር ግን አንድ የአሜሪካ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1992 በሴጋና በአኮሌድ ክርክር፣ ምልክቱ እንዲታይ ያስገደደው ሴጋ ራሱ ስለሆነ ለሚፈጠረው መደናገር ተጠያቂው እርሱ ነው ብሎ ነበር። መሣሪያው ሌላ፣ ብልሃቱ ግን ያው ነበር።

በኋላ ዴቭኪትኤአርኤም የተባለው ጥቅል ኮምፓይለሩን፣ ማስነሻውንና ካርታውን በአንድነት አሰናድቶ አቀረበ፤ ያን ሁሉ የግንባታ ድካምም አስቀረ። ኒንቴንዶ በ2004 ሁለት ፕሮሰሰር ያለውን «ዲኤስ» ሲያወጣ ሁለቱም የኤአርኤም ዝርያ ስለነበሩ፣ ያው ኮምፓይለር ለሁለቱም ትእዛዝ መጻፍ ቻለ።